ሁለት ሜትር ከአስር

«የማሳህ መግቢያስ ስንት ሜትር ነው?» አለ ጋሽ ሙራድ።

ጣሰው ዞር ብሎ ልጁን ወንጌላዊትን አያት። ታላቅ ወንድሙ ባፈናም አያት። ጋሽ ሙራድ ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አውርዶ ጠበቀ።

«ሦስት» አለች ወንጌላዊት።

«ሦስት ድፍን?»

«ሦስት ሜትር።»

ጋሽ ሙራድ ከካርቶን በቀደደው ቁራጭ ላይ ጻፈው። እርሳሱ ሲሄድ አየች። ቁጥሩ ከአፏ ሲወጣ ቀላል ነበር፤ ሲጻፍ ከበደ።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ወሩ ጥር ነው። አባቷ ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ጠብቆ፣ ደብተሯን እንደያዘች ወደ ጋሽ ሙራድ ግቢ ይዟት መጣ። ጋሽ ሙራድ አባቱ ከወልቂጤ መጥተው በከፈቱት ሱቅ ውስጥ ቦንጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ከፊት መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከኋላ ባለው ግቢ የእርሻ መሣሪያ ያቆማል። ዛሬ የቆሙት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰማያዊ ትራክተር ነው፤ የኋላ ጎማው የወንጌላዊትን ትከሻ ያልፋል። ሌላው ሁለት ጎማና ሁለት ረጃጅም እጀታ ያለው የእጅ ትራክተር ነው፤ ከትልቁ አጠገብ ሲታይ እናቱን የተከተለ ጥጃ ይመስላል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ባፈና ትንሹን በጫማው ጫፍ እየነካ። «ብስክሌት ነው?»

«ባለ አሥራ አምስት ፈረስ ጉልበት ነው።»

«አሥራ አምስት ፈረስ! የት ተደብቀው ነው?»

ጋሽ ሙራድ ሳቀ። ጣሰው አልሳቀም። «ከኋላው እየተራመዱ ነው የሚያርሱበት?» ብሎ ጠየቀ።

«አዎ፣ እጀታውን ይዘህ ትከተለዋለህ።»

የጣሰው ቀኝ ጉልበት ከሦስት ዓመት በፊት ተዳፋቱ ላይ ከነማረሻው ሲወድቅ ተጎድቷል። የዚያን ጊዜ ሐኪሙ እርሻ ተው ብሎት ነበር፤ እሱም እሺ ብሎ በሳምንቱ አረሰ።

«ትልቁ ላይ ልውጣ?»

«ውጣ እንጂ፤ መውጣት በነጻ ነው።»

ግራ እግሩን አስቀደመ። ቀኙን በእጁ ጎትቶ አነሳው። ከተቀመጠ በኋላ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ግን አላዞረውም። ፊት ለፊት ያለውን የቆርቆሮ አጥር ሲያይ ቆየ። ወንጌላዊት አባቷን ከምግብ ሰዓት በቀር ተቀምጦ አይታው አታውቅም። ፊቱ ሌላ ሰው መሰላት።

«ጣሰው፣ እውነቱን ልንገርህ» አለ ጋሽ ሙራድ ከታች ሆኖ። «ሁለቱም የኔ ናቸው፤ የትኛውንም ብትወስድ እኔ አልጎዳም። መሬትህ ሁለት ሄክታር አይሞላም። ይሄ ባለ ሰባ አምስት ፈረስ ጉልበት ነው። በሁለት ቀን አርሶ ይጨርስልሃል፤ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ለመዞር ደግሞ በየጫፉ ስምንት ሜትር ያህል ይፈልጋል። እሱ ሳይታረስ ይቀራል ማለት ነው።»

«ጎረቤቱን ያርሳላ!» አለ ባፈና። «እስከ ሺሺንዳ ያለው ገበሬ ተሰልፎ ነው የሚጠብቀው።»

«የጎረቤቶቹ መግቢያስ ስንት ሜትር ነው?»

ባፈና በካፊኖኖ የሆነ ነገር አጉረመረመ። ሲናደድ አማርኛው ጥሎት ይሄዳል።

«መካከለኛ አለ» አለ ጋሽ ሙራድ ወደ ጣሰው ዞሮ። «ባለ ሃያ አምስት። ወንበር አለው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። ላንተ ልኩ እሱ ነበር። አሁን ግን በእጄ የለም፤ የሚገባልኝ ሚያዝያ ነው።»

«በቆሎው ከተዘራ በኋላ።»

«ከተዘራ በኋላ።»

ጣሰው ከወንበሩ አልወረደም። «ትልቁ በመግቢያዬ ይገባል?»

«ከጎማ እስከ ጎማ ሁለት ሜትር ከአስር ነው። ሦስት ሜትር ካለህማ ይገባል።»

«ልጄ ናት የለካችው» አለ ጣሰው።

ቅዳሜ ሁለቱን በሬዎች ገበያ አውጥተው ሊሸጡ፣ ቀብዱን ሊከፍሉ ተስማሙ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ጣሰው ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ሳይጠየቅ አወራለት። «ዘጠነኛ ክፍል ናት። መሬቱን በገመድ ለክታ በሄክታር አስልታ ሰጠችኝ። የቀበሌው ባለሙያ እንኳ እንደሷ አይለካም።» ሰውየው ጎበዝ ናት አለ። ወንጌላዊት መስኮቱን አየች።

ሰኞ ዕለት የሆነው እንዲህ ነበር። አባቷ እናቷ ከእንሰት ቃጫ የገመደችውን፣ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለውን ሃያ ሜትር ገመድ ሰጣት። እሷም አንዱን ጫፍ ችካል ላይ እያሰረች የማሳውን ላይኛውን፣ ጎኑንና ታችኛውን ለካች። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ተዳፋቱ ላይ ሁለቴ ተንሸራታለች። የቀረው መግቢያው ብቻ ነበር። ያኔ ጓደኛዋ ሩሀማ ከመንገድ ጮኸች። ዘጠነኛ ለ ከዘጠነኛ ሐ ጋር የመረብ ኳስ ሊጫወቱ ነው፤ ወንጌላዊት ካልመጣች መቺ የለም።

መግቢያውን በየቀኑ ታልፍበታለች። ከዋናው መንገድ ወደ ማሳው የሚያስገባ ሌላ መንገድ የለም፤ በአንድ በኩል የእናቷ እንሰት ተደርድሯል፣ በሌላው በኩል ቦዩ አለ። ሁለቱ በሬዎች ቀንበር ተሸክመው ጎን ለጎን ያልፉበታል። ስለዚህ ሦስት ሜትር ይሆናል አለች። ገመዱን ጠቅልላ ሮጠች። ማታ አባቷ ሲጠይቃት «ሦስት» አለችው። እሱ ማንበብ አይሆንለትም፤ የተነገረውን ግን አይረሳም። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ሦስት ሜትር መሆኑን ሰምቷል።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሩሀማን ይዛ መጣች። ገመዱን ከአንደኛው እንሰት ግንድ ሥር አስያዘቻትና ወደ ቦዩ ዘረጋችው።

«አንድ...» አለች። ሁለተኛው ቋጠሮ ቦዩ ውስጥ ተንጠለጠለ።

«ሳቢው!» አለች ሩሀማ።

«ስቤዋለሁ።»

ከጂኦሜትሪ ዕቃዋ ማስመሪያውን አወጣች። ሁለተኛው ቋጠሮ እስኪደርስ አስር ሳንቲ ሜትር ይጎድላል። አንድ ሜትር ከዘጠና። ሦስት ቦታ ለካች። ሰፊ የሚባለው ላይ እንኳ ሁለት ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ነው።

ቦዩ ጠርዝ ላይ የኮቴ ዳና አየች። ዳማ የሚባለው በሬ የሚረግጠው እዚያ ነው። በየቀኑ በአንድ በኩል ቦዩ ውስጥ እየረገጠ ነበር የሚያልፈው። ይህን ሰኞ አላየችም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አላየችም።

«በቃ አለቀልሽ» አለች ሩሀማ።

«አመሰግናለሁ።»

«አይ፣ ቆይ።» ሩሀማ እንሰቱን ከሥር እስከ ላይ አየችው። «እንሰቱ ወፍሮ ነው በያቸው።»

«በአራት ቀን?»

«የናንተ እንሰት ይወፍራል እኮ! እማዬ ራሷ ትቀናበታለች። ሰኞ ሦስት ነበር፣ ከዚያ ዝናብ ጣለ፣ ወፈረ። ማን ሊከራከርሽ ነው?»

«ሩሀማ።»

«እሺ፣ ያም ካልሆነ ምንም አትናገሪ። ትራክተሩ ይመጣል፣ አልገባም ይላል፣ እንሰቱን ይቆርጡና ይገባል። ማን ለካው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። አታካብጂው።»

ወንጌላዊት እንሰቶቹን ቆጠረች። በመግቢያው ዳር ያሉት አሥራ አንድ ናቸው። ሲተከሉ እሷ ሦስተኛ ክፍል ነበረች፤ ችግኞቹን አንድ በአንድ አቅፋ ከጎረቤታቸው ከአልጣሽ ጓሮ ያመጣችው እሷ ናት። የአልጣሽ ጓሮ አምና በእንሰት በሽታ ደርቆ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እናቷ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ስትሄድ ቢላዋውን በእሳት ሳታሳልፍ ቅጠል አትቆርጥም።

«እነዚህ በሚቀጥለው ዓመት ለቆጮ ይደርሳሉ» አለች።

«እኔ የምልሽ ስላንቺ ነው፤ አንቺ የምታወሪው ስለ ቆጮ» አለች ሩሀማ፤ ገመዱን ለቃ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ኳሱስ? ነገ ትመጫለሽ?»

«አላውቅም።»

ሩሀማ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ እናቷ በዛወርቅ ቢላዋና በሸክላ ገል ላይ ፍም ይዛ መጣች። ደረቅ ቅጠል እየቆረጠች ወደ መሬት ትጥላለች። በየመሐሉ ቢላዋውን ፍሙ ላይ ታገላብጣለች።

«ምን ትለኪያለሽ? ለክተሽ አልነበር?»

«እያየሁ ነው።»

«አባትሽን እሺ ያልኩት ባንቺ ቁጥር ነው።» በዛወርቅ ቀና አላለችም። «ባፈና ሁሉም ይቆረጥ ነበር ያለው። እኔ አንድ እንሰት ከተነካ ትራክተሩ እዚህ ግቢ አይገባም አልኩ። ከዚያ አባትሽ ሦስት ሜትር ነው አለ። ሦስት ከሆነ ምን ቸገረኝ?»

ወንጌላዊት ገመዱን እጇ ላይ ጠቀለለች። አሁን ልትናገር ትችል ነበር። ከንፈሯም ተከፍቶ ነበር። ያኔ ጣሰው ከቤቱ ጀርባ መጣ፤ በሬዎቹን ለገበያ ሲያጥብ እጅጌው ረጥቧል። እያነከሰ መጥቶ ከአጥሩ ላይ ተደገፈ።

«ወንበሩ ስፖንጅ አለው» አለ ለሚስቱ።

«ነግረኸኛል» አለች በዛወርቅ።

«ጥቁር ነው። ከኋላ ደግሞ መደገፊያ አለው።»

ወንጌላዊት አፏን ዘጋች።

ራት ላይም ስለ ወንበሩ አወራ። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እሷ አንገቷን ደፍታ በላች። ብትናገር የሚሆነውን ታውቀዋለች። በሬዎቹ አይሸጡም። ሚያዝያ እስኪደርስ በቆሎው በማረሻ ነው የሚታረሰው፤ በዚያ ተዳፋት፣ በዚያ ጉልበት። ባትናገር የሚሆነውንም ታውቀዋለች። በሬዎቹ ከሄዱ በኋላ ማሽኑ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያ ባፈና ገጀራውን ያነሳል። በሁለቱም በኩል ዋጋውን የምትከፍለው እሷ አይደለችም።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ከቦዩ ማዶ ካለው ቀርከሃ አንድ ቀጥ ያለ መርጣ ቆረጠች። በገመዱ ሁለት ቋጠሮ፣ በማስመሪያው አስር ሳንቲ ሜትር ለክታ የተረፈውን አስወገደች። ከዚያ መግቢያው ላይ ጠባቡ ቦታ ሄዳ ቆመች።

መጀመሪያ የመጣው ባፈና ነው፤ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ከኋላው ጣሰው ሁለቱን በሬዎች፣ ቦራንና ዳማን፣ እየነዳ ይከተላል። በሬዎቹ ቀንበር ስላልተጫናቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሄዳሉ። ወንጌላዊት ቀርከሃውን በመግቢያው ላይ አጋደመችው። አንዱ ጫፍ የቦዩ ጠርዝ ላይ ዐረፈ፤ ሌላው የእንሰቱን ግንድ ተመርኩዞ ሽቅብ ቀረ። ወደ መሬት ብትጫነውም አልወረደም።

ባፈና ቆመ። «ምንድን ነው ይሄ? ኬላ ነው?»

«አይደለም፣ ጋሼ።»

«ቀረጥ ልትቀበይን ነው? ዞር በይ፣ ገበያው ይረፍዳል።»

«ትራክተሩ ነው» አለች።

«ምን?»

«የትራክተሩ ስፋት። ሁለት ሜትር ከአስር።»

ጣሰው በሬዎቹን አልፎ ወደ ፊት መጣ። ቀርከሃውን አየ። ሽቅብ የቀረውን ጫፍ በመዳፉ ተጫነው። አልወረደም። ከዚያ ልጁን አየ።

«ሦስት ነው ያልሽኝ።»

ወንጌላዊት ልትመልስ ስትል ባፈና ቀደማት። «እንሰቱ ወፍሮ ነዋ!» አለ እጁን እያወናጨፈ። «እንሰት አይወፍርም እንዴ? ውሃ አጠገብ የተተከለ ነገር! ሰኞ ሦስት ነበር፣ ዛሬ ወፈረ። ምን ያስደንቃል? ዳር ዳሩን ቆርጦ መጣል ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ?»

ጣሰው አሁንም ወንጌላዊትን ነው የሚያየው። እየጠበቀ ነው። ባፈና የሰጣት መንገድ ሰፊ ነበር፤ አንገቷን ብትነቀንቅ ይበቃ ነበር። በዛወርቅ ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጥታለች፤ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«አልወፈረም» አለች ወንጌላዊት። «ሰኞ አልለካሁትም።»

«ምን አልሽ?»

«መግቢያውን አልለካሁትም። ኳስ ልጫወት ሄድኩ። ሦስት ያልኩት በግምት ነው። ሐሙስ ጋሽ ሙራድ ሲጠይቀኝም አልለካሁትም ነበር። ትናንት ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ነው።»

ዳማ ወደ ቦዩ ጠርዝ ሄዶ ሣር መንጨት ጀመረ።

ከዚያ ባፈና በካፊኖኖ ጀመረ፤ ብዙ ተናገረ። መንደሩ ምን ይላል አለ። ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ አለ። የሴት ልጅ ቁጥር ይዘን ቦንጋ ድረስ ሄድን አለ። ጣሰው አላቋረጠውም። ሲጨርስ፣ «ጋሼ፣ ሻይ ጠጣና ሂድ» አለው በዝግታ። ባፈና ሻዩን አልፈለገም። ቀርከሃውን ተሻግሮ፣ ነጭ ሸሚዙን ከእንሰቱ ቅጠል እየጠበቀ ወደ መንገዱ ወጣ።

ጣሰው በሬዎቹን ከአጥሩ እንጨት ላይ አሰረ። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀው።

«ሌላውስ?» አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

«ሌላውን ለክቻለሁ።»

«በምን አውቃለሁ?»

ወንጌላዊት ቀርከሃውን አንስታ ከአጥሩ ጋር አስደገፈችው። አባቷ ቢቆጣ ይሻል ነበር። ቢመታትም ይሻል ነበር።

«ከጥር እስከ ሚያዝያ ስንት ወር ነው?» አለ።

መልሱን ታውቀዋለች። ቢሆንም በጣቷ ቆጠረች። «ሦስት።»

«ሦስት ድፍን?»

እንደገና ቆጠረች። «ሦስት ድፍን።»

ጣሰው ተዳፋቱን ቀና ብሎ አየው። ከታች እስከ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች። እጁ ሳያውቀው ወደ ጉልበቱ ሄደ።

«ገመዱ የት አለ?»

ከትከሻዋ ላይ አውርዳ አሳየችው።

«እንደ አዲስ እንጀምራለን። ሁሉንም።» አንዱን ጫፍ ተቀበላትና ሽቅብ ሊሄድ እግሩን አነሳ።

«አባዬ፣ አንተ እዚህ ሁን። እኔ ነኝ የምወጣው።»

ቆመ። በዛወርቅ ወደ ቤት ገብታ በርጩማ ይዛ ወጣች። ማሳው ጥግ ላይ፣ ችካሉ አጠገብ አስቀመጠችው። ጣሰው በርጩማውን አየ፤ ሚስቱን አየ። ከዚያ ተቀመጠ። የገመዱን ጫፍ ደህናው ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው።

ወንጌላዊት ገመዱን እየለቀቀች መውጣት ጀመረች። ከመንገዱ በኩል የሩሀማ ጩኸት ተሰማ፤ ኳሱ ሊጀመር ነው። ወንጌላዊት ዞር አላለችም። ገመዱ ተወጠረ።

«እዚህ እንድሰማው ጮክ በይ» አላት አባቷ ከታች።

የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጣቷ ያዘች።

«አንድ!» አለች።